ስለ ኮሶ ዛፍና ስለ ስሞቹ

አንድ ዛፍ ሁለት ወይም ሦስት ስም ቢኖረው ማንን ይጎዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም ራሴ ብዙ ዘመን እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ወለጋ በኪራሙ አገር በአንድ የወሰን ክርክር ላይ በጸሐፊነት ሳገለግል፣ የአንድ ዛፍ ስም ባለመተርጐሙ ምክንያት አንዲት መበለት ልጆቿን የምታጠጣበትን ምንጭ ለማጣት ተቃርባ ስላየሁ፣ የዚያን ዛፍ የስሞቹን አመጣጥ መርምሬ በዚህ ገጽ ለማቅረብ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የቀረላቸውን መሬት በሽማግሌዎች ፊት ሲካፈሉ የስምምነቱን ወረቀት የጻፈላቸው አንድ ደብተራ ነበር። ደብተራው በአማርኛ «ወሰኑ ከቀዩ ኮሶ ተነሥቶ በቀጥታ እስከ ወንዙ ይወርዳል» ብሎ ጻፈ፤ ከምሥራቅ ያለው ለታላቁ፣ ከምዕራብ ያለው ለታናሹ ሆነ። ዘመንም አለፈ፤ ታላቁ ወንድም ሞቶ ሚስቱና ልጆቹ መሬቱን ይዘው ቀሩ፤ ደብተራውም፣ ከሽማግሌዎቹም የሚበዙት ዐረፉ። ከዚህ በኋላ ታናሹ ወንድም አጥሩን አርባ ርምጃ ያህል ወደ ምሥራቅ ገፍቶ ምንጩን ወደ ውስጥ አስገባ። ሴቲቱም ወረቀቷን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ዳኛ መጣች።

ችሎቱ የሚሠራበት ቋንቋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ ወረቀቱን እንድተረጕም ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ሌላውን ቃል ሁሉ በጥንቃቄ ስተረጕም «ኮሶ» የሚለውን ግን እንዳለ ተውሁት። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአባቶች የሰማሁት ስም ስለ ነበረ፣ የተጸውዖ ስም እንደማይተረጐም ሁሉ ይህም አይተረጐምም ብዬ ነው። ከዚህ ስሕተት የተነሣ የተከሳሹ ጠበቃ ተነሥቶ፣ በኦሮምኛ «ኮሲ» ማለት የቤት ጥራጊ የሚከመርበት ስፍራ ነውና ጸሐፊው ፊደሉን አሳስቶታል፤ ከሴቲቱ ቤት ጀርባም አፈሩ ቀይ የሆነ የቆየ የጥራጊ ክምር ይገኛልና ወሰኑ ከዚያ ይነሣል ብሎ ተከራከረ። ምስክሮች በመጡ ጊዜ ደግሞ ሁሉም «ሄጦ፣ ሄጦ» እያሉ መሰከሩ። ጠበቃውም ወረቀቱ ሄጦ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ ምስክርና ጽሑፍ ተለያይተዋል አለ። ዳኛው ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው «ሄጦ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለው ቢጠይቁኝ ከኀፍረት የተነሣ ቃሌ አልወጣ ብሎኝ ነበር። «ኮሶ ይባላል፤ አንድ ነው» አልሁ። መዝገቡም ታረመ።

ነገር ግን በዚህ አልተፈጸመም። ስፍራው በታየ ጊዜ የተገኘው የኮሶ ዛፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ፣ ምንጩም በመካከል። «ቀዩ» የተባለው የትኛው እንደ ሆነ የሚለይ ጠፋ። የሁለቱም ቅርፊት ቀላ ያለ ነውና ተከሳሹ በምሥራቅ ያለውን እያሳየ «ከዚህ የቀላ ግንድ ከወዴት ይመጣል?» ይል ነበር። ወራቱ ክረምት ስለ ነበረ በሁለቱም ላይ አበባ አልነበረም። የዚህን ፍጻሜ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድሞ ግን ስለ ዛፉ ጥቂት መናገር ይገባል።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ቆላን አይወድም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 እስከ 3200 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ በብዛት ይበቅላል። ቁመቱ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፤ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወርዳል፤ አበባው ብዙ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የተክል ሊቃውንት ከጽጌረዳ ነገድ ይቈጥሩታል፤ እንግዲህ የፖም ዛፍ የሩቅ ዘመዱ ነው ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች ጀምሮ በኬንያና በታንዛንያ በኩል እስከ ማላዊና እስከ ዛምቢያ ደጋዎች ድረስ ይገኛል፤ ሆኖም በገዛ ወገኑ ውስጥ እርሱን የሚመስል ሌላ ወንድም የለውም፤ ብቻውን ነው። በጎጃም በአዊ አገር የእንጅባራ ከተማ ኮሶ በር ተብሎ መጠራቱ፣ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ዛፉ የአገር ምልክት እስከ መሆን መድረሱን ያሳያል።

የኮሶ ዛፍ እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው። በአንዱ ዛፍ ላይ የሚወጣው አበባ ሁሉ ወንዴ ነው፤ በሌላው ላይ የሚወጣው ሁሉ ሴቴ ነው። የወንዴው ነጣ ወይም ብጫ ወደ መምሰል ያደላና የሳሳ ነው፤ የሴቴው ወፍራምና ቀይ ነው። መድኀኒት የሚያውቁ ሴቶች ቀዩን ይመርጣሉ፤ ወንዴው ያስመልሳል ይላሉ። በኤውሮፓ ያሉ ሊቃውንት ተክል ወንድና ሴት እንዳለው በግልጥ የጻፉት ካሜራርዮስ የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1694 መጽሐፉን ካወጣ ወዲህ ነው። (ዓመቱን የኛ ነው ካላልሁ በቀር በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።)

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። በአማርኛ ኮሶ የሚለው ቃል እንደ ዛፉ ቅርንጫፍ ብዙ ነው። ዛፉ ኮሶ ይባላል፤ አበባው ኮሶ ይባላል፤ ተወቅጦና በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ የሚጠጣው መራራ መድኀኒት ኮሶ ይባላል፤ ይህ ሁሉ ሳያንስ በሆድ ውስጥ ሆኖ የሚያሠቃየው ረጅሙ ትል ራሱ ኮሶ ይባላል፤ «ኮሶ ያዘኝ» የሚል ሰው ከዛፍ ጋር አልተጣላም። በሽታው በመድኀኒቱ ስም መጠራቱ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ይህም የሆነው በአገራችን ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ብዙ ስለ ሆነና ትሉም በበሬ ሥጋ ስለሚተላለፍ፣ ሕመሙ ከቤት ሳይጠፋ መድኀኒቱም ከጓዳ ሳይጠፋ አብረው በመኖራቸው ይመስለኛል። በቀድሞ ዘመን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት በባላባትም በድኻም ቤት የታወቀ ሥርዓት ነበር። የጠጣ ሰው በዚያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም። ስለዚህ «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ማለት ለባለጉዳይ በቂ መልስ ነበር፤ ከዚህ የተነሣ ሳይጠጡ ጠጣሁ የሚሉ ሹማምንትም አልጠፉም ይባላል።

በታሪክም ቃሉ ለስድብ ሆኖ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በችግር ላይ ወድቀው በጎንደር ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ ስለሚወራ፣ ካሣ ገና ሽፍታ ሳሉ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው እንደ ሰደቧቸው፣ በጦርነትም ድል ሆነው በተያዙ ጊዜ ካሣ ኮሶ እንዳጠጧቸው አባቶች ይተርካሉ። በእኔ አስተያየት ግን ኮሶ መሸጥ ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ወንዴውን ከሴቴው፣ የዘንድሮውን ካለፈው ዓመት፣ የልጁን ልክ ከዐዋቂው ልክ ለይቶ ማወቅ ከፋርማሲ ጠባቂነት የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ፈረንጆች ደግሞ ለዚህ ዛፍ ስም ሲያወጡለት ብዙ ተጣልተዋል። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1769 በምጽዋ ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በአገራችን ተቀመጠ፤ በጎንደርም ያዕቆብ ይባል ነበር። በ1790 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ስለ ኮሶ ጽፎ ሥዕሉን አወጣ፤ ለወዳጁም ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። ባንክስ ከመርከበኛው ከኩክ ጋር ዓለምን የዞረ፣ በሎንዶንም የንጉሣዊው የሊቃውንት ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረ ትልቅ ሰው ነው። ነገር ግን ከዚህ ስምንት ዓመት ያህል አስቀድሞ የሊኔዎስ ልጅ ያንኑ ስም ለአውስትራልያ ተክሎች ሰጥቶት ስለ ነበረ፣ በተክል ሊቃውንት ሕግ አንድ ስም ለሁለት ወገን ሊሆን አይቻልምና የብሩስ ስጦታ ተሻረ። በ1791 በጌቲንገን ከተማ መምህር የነበረው ግሜሊን «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚጠራው በዚህ ነው። አቢሲኒካ ማለት የሐበሻ ማለት ነው፤ ሃጌኒያ የተባለው ግን በኮኒግስበርግ መድኀኒት ቀማሚና መምህር በነበረው፣ በ1778 የመድኀኒት ቅመማ መማሪያ መጽሐፍ ባሳተመው በካርል ጎትፍሪድ ሃገን ስም ነው።

ለሦስተኛ ጊዜም ተሰይሟል። በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብራዬ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም የኮሶን ፈውስ ወደ ኢትዮጵያ ከተመላለሰ አንድ አርመናዊ ተረድቶ አበባውን ወደ ፓሪስ ላከው፤ በዚያም ኩንት የተባለ የተክል ሊቅ ቀድሞ መሰየሙን ሳያውቅ በ1820ዎቹ መጀመሪያ «ብራዬራ አንቴልሚንቲካ» አለው፤ ትርጓሜውም ትል የሚያወጣ የብራዬ ተክል ማለት ነው። ይህም ስም ቀዳሚ ስላልሆነ ቀረ፤ ሆኖም በመድኀኒት መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ዘመን ኖረ። እንግዲህ የጎንደርና የሸዋ ሴቶች በየገበያው ሲለኩት የኖሩት አበባ አንድ ጊዜ በእንግሊዝ ጌታ፣ አንድ ጊዜ በጀርመን ቀማሚ፣ አንድ ጊዜ በፈረንሳይ ሐኪም ስም ተጠራ። ከሊቃውንቱ አንዱ እንኳ በሻጮቹ ስም አልሰየመውም። ሆኖም የኤውሮፓ ባለመድኀኒቶች ዱቄቱን ሲገዙ «ኩሶ» እያሉ ነበርና የእናቶቻችን ቃል በዕቃው ላይ ተጽፎ ባሕር ተሻገረ።

ስለ ስም ከተነሣ ዘንድ በኤውሮፓ ጫካ ስለሚበቅል አንድ ተክል መናገር አለብኝ፤ የኮሶ ባልንጀራ ነውና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን በመጽሐፍ ተጣብቆ የደረቀ ቅጠል አሳይተውን ነበር። ፈርን ይባላል፤ አበባ የለውም፤ ቅጠሉ እንደ ወፍ ላባ የተዘረዘረ ነው፤ በዋርካ ሥር እንደሚገኝ ሣር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይኖራል። ሊቃውንት «ድሪዮፕቴሪስ ፊሊክስ ማስ» ይሉታል። ድሪዮፕቴሪስ የጽርእ ቃል ነው፤ በኤውሮፓ ባሉጥ በሚባለው ዛፍ ሥር የሚበቅል ባለላባ ቅጠል እንደ ማለት ነው። ፊሊክስ ማስ በላቲን ወንዴው ፈርን ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ተክል በእውነት ወንድ አይደለም፤ አበባ የሌለው ሁሉ ወንዴና ሴቴ አበባ ሊኖረው አይችልምና። የቀድሞ ሰዎች ጠንከር ያለውን አይተው ወንድ፣ ከእርሱ ቀጠን ያለውን ሌላውን ወገን አይተው ሴት አሉት እንጂ። የማይታይ ዘር አለው ብለው ስላሰቡም፣ በመጥምቁ ዮሐንስ ሌሊት የፈርን ዘር ያገኘ ሰው እንደ ዘሩ ከሰው ዓይን ይሰወራል ይሉ ነበር። የኛዎቹ ሴቶች ኮሶን ወንዴና ሴቴ ሲሉ በአበባው ነው፤ እነዚያ ፈርንን ወንድና ሴት ሲሉ በመልክ ነው።

የፈርን ሥር ከግሪኮች ዘመን ጀምሮ የሆድ ትል መድኀኒት ነበር። ጀርመኖች ከዚህ የተነሣ ተክሉን «ቩርምፋርን» ይሉታል፤ የትል ፈርን ማለት ነው። በአማርኛ መድኀኒቱ ለትሉ ስሙን አበደረው፤ በጀርመንኛ ትሉ ለመድኀኒቱ ስሙን አበደረው። በስዊስ አገር በሙርተን ከተማ የአንድ ቀዶ ሐኪም መበለት የነበረች ማዳም ኑፈር በምስጢር በምትሰጠው መድኀኒት ትል እያወጣች ስሟ ስለ ገነነ፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1775 ምስጢሩን በ18000 ሊቭር ገዝቶ ለሕዝብ እንዲገለጥ አደረገ። ቢታይ ከዱሮ ጀምሮ የታወቀው የፈርን ሥር ሆኖ ተገኘ። ይህች መበለት ስለ ስም ከሊቃውንቱ ሁሉ ይልቅ ብልህ ነበረች፤ ስሙን ባለመናገሯ ከበረችበት።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የኬሚስትሪ ሊቃውንት የኮሶ አበባና የፈርን ሥር ትልን የሚያደክሙበትን ኀይል በመረመሩ ጊዜ፣ በሁለቱም ውስጥ ያለው ከአንድ ወገን የሆነ፣ ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባል ነገር የተገነባ ቅመም መሆኑን አገኙ። በዘር የማይገናኙ ሁለት ተክሎች ናቸው፤ በሩቅ አገር ሆነው ለአንድ በሽታ አንድ ዓይነት መሣሪያ አበጁ። ጕዳታቸውም አንድ ነው። ከልክ ያለፈ የፈርን ሥር የጠጣ ሰው ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፤ በ20ኛው መቶ ዓመትም በኢትዮጵያ የሚሠሩ ሐኪሞች ኮሶ አብዝተው በመጠጣት ዓይናቸው የታመመና የታወረ ሰዎች እንደ ነበሩ ጽፈዋል።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አለቆች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ አትጠጣ፤ ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። ለልጅ በእጅ ጭብጥ እየገመቱ መስጠትም አደጋ ነው፤ ዱቄቱ ከየትኛው ዛፍና ከስንት ዓመት በፊት እንደ ተለቀመ የሚናገር ምልክት የለውምና ልኩ አይታወቅም። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጡት እንክብሎች፣ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት፣ ልካቸው የታወቀ ነው። ሥጋው በደንብ ከበሰለ ደግሞ ትሉም አይመጣም፤ ይህን የምጽፈው ግን ክትፎን የማልጠላ ሰው ነኝና ብዙ አልጨምርም።

ዛፉም በተራው ተቸግሯል። እንጨቱ ለቤት ዕቃና ለማገዶ ስለሚፈለግ ከብዙ ደጋ አልቋል። በኛ አቈጣጠር በ1986 የወጣው ስለ ደን የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 94 ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ኮሶን እንዳይቈረጡ ከተከለከሉት አገር በቀል ዛፎች መካከል ቈጥሮት ነበር።

ይህም በጀመርነው ክርክር ላይ ነገር አመጣ። ዳኛው ዛፎቹ እስኪያብቡ ድረስ ቀጠሮውን ወደ ታኅሣሥ ባስተላለፉ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር ሴቲቱ እየሮጠች መጥታ፣ የባሏ ወንድም በምዕራብ ያለውን ዛፍ ሊቈርጥ መጥረቢያ እያሳለ ነው ብላ ጮኸች። ዛፉ ከወደቀ ማስረጃው እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል። የእግድ ትእዛዙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ሄጦም ኮሶም ብዬ ሁለቱንም ስም ጻፍሁ። ትእዛዙን የያዘው ሰው ከዛፉ በደረሰ ጊዜ ቅርፊቱ በሁለት ስፍራ ተቈርጦ አገኘው፤ ግንዱ ግን ቆሞ ነበር።

በታኅሣሥ ዳኛው፣ ሽማግሌዎቹና እኔ ወደ ስፍራው ወጣን። በገበያ ዕለት ኮሶ ስትሸጥ የኖረች አንዲት አሮጊትም ለዐዋቂ ምስክርነት ተጠርታ በበትር ተደግፋ መጣች። ዛፎቹ ሁለቱም አብበው ነበር። ዳኛው «አዴ፣ በዚህ አገር ቀዩ የሚባለው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቋት። ተከሳሹ ቀድሞ ስለ ግንዱ መናገር በጀመረ ጊዜ አሮጊቷ ሳቀች። «ጎፍታ፣ ኮሶ የሚገዛ ሰው ግንድ ይጠጣልን? ቀይ ማለት ሴቴዋ ናት» አለች። ወደ ምሥራቁ ዛፍ ሄዳም አንድ ዘለላ አውርዳ አሳየች፤ አበባው ነጣ ብሎ በእጅዋ ላይ እንደ ገለባ ይበተን ነበር። ወደ ምዕራቡ በሄደች ጊዜ ማውረድም አላስፈለጋት፤ ከተቈረጠው ቅርፊት በላይ ወፋፍራም ቀያይ ዘለላዎች ተንጠልጥለው ከሩቅ ይታዩ ነበር። ከሽማግሌዎቹ መካከል በክፍያው ቀን የነበረው አንዱ ራሱን ነቅንቆ፣ ደብተራው ከዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲጽፍ አበባው በወረቀቱ ላይ ይወድቅበት እንደ ነበረ አሁን ትዝ አለኝ አለ።

ምንጩ ለሴቲቱ ተፈረደላት። አሮጊቷ ስለ ድካሟ ገንዘብ ሊሰጣት ቢፈለግ እንቢ ብላ፣ ከቀዩ ዛፍ ጥቂት አበባ እንድትለቅም ብቻ ለመነች፤ ሴቲቱም ልጇን ዛፉ ላይ አውጥታ መሶብ ሙሉ አስለቀመችላት። እኔ ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መዝገቡን በጕልበቴ ዘርግቼ ጻፍሁ፤ «ወሰኑ በአማርኛ ቀዩ ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ ከሚባለው፣ አበባው ሴቴ ከሆነው፣ ቅርፊቱ በሁለት ስፍራ በመጥረቢያ ከተመታው፣ ከምንጩ በስተ ምዕራብ ከቆመው ዛፍ ተነሥቶ በቀጥታ እስከ ወንዙ ይወርዳል።»